የጠጠር ሰፈሩ ዝምተኛ ግንበኛ

መካነ ሰላም፣ ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእታለም ጸደንያ፣

ያለሽበት ቤት ሰላም ይክረም። እኛ ደህና ነን። እማማ ጉልበቷን ያማታል እንጂ አፏ እንደ ድሮው ነው፤ እንዲህ ብዬ መጻፌን ብትሰማ ደግሞ ዛሬ እራት የለኝም። በስልክ ላገኝሽ ስንት ጊዜ ጉብታው ላይ ወጣሁ መሰለሽ! ኔትወርኩ ሰላምታችን ሳያልቅ ይቆረጣል። የሹፌሩ የአህመዲን እህት ሀጀራ ወደ ሻርጃ ልትመለስ ነው ሲሉኝ ነው ብዕር ያነሳሁት።

የሰማሽው እውነት ነው፤ ከከተማው ደብር አንስተውኛል። «ምን አጥፍተህ ነው?» ላልሽው ግን ምንም አላጠፋሁም። አዲስ የሚሠራውን የቅዱስ ሩፋኤልን ቤተ ክርስቲያን እንዳገለግል ነው የላኩኝ። ቤተ ክርስቲያን አልኩሽ እንጂ ለጊዜው ቆርቆሮ የለበሰ መጠለያ ነው፤ ግንቡ ገና ከመሠረቱ ብቅ ማለቱ ነው።

ቦታውን ታውቂዋለሽ። አንቺ ስትሄጂ ገብስ የሚዘራበት ሜዳ ነበር፤ በኋላ መንገድ ሠሪዎች ጠጠር ሲያራግፉበት ስሙ ጠጠር ሰፈር ሆኖ ቀረ። አሁን ከዳር እስከ ዳር ቤት ነው። ዩኒቨርሲቲ ሊያስተምሩ ከሆሳዕናና ከአምቦ የመጡ መምህራን እዚያ ተከራይተው ይኖራሉ። ለግንባታ ሥራ መጥተው በዚያው የቀሩ የወላይታ ልጆች አሉ። ከሁሉም የሚበዙት ግን ከወለጋ የተፈናቀሉት ናቸው። ወላጆቻቸው በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከዚሁ ከእኛ አገር በሰፈራ የሄዱ ናቸው። ወደ አያቶቻቸው መሬት ተመለሱ ይባላል፤ ልጆቹ ግን አገሩን አያውቁትም፤ ሲጫወቱ በኦሮምኛ ነው።

መጀመሪያ እሁድ ቆሜ አስተማርኩና «ገባችሁ?» አልኩ። ሕፃናቱ ተያዩ። አንዷ ብቻ እጇን አውጥታ «አባ፣ ድምፅዎ ገባን» አለችኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ፤ ቤቴ ስገባ ግን ሳቁ ለቀቀኝ። መዝሙሩም እንደዚሁ ነው። ወላይታዎቹ በአንድ በኩል ያጨበጭባሉ፣ የእኛዎቹ በሌላ በኩል ያሸበሽባሉ፣ ከበሮ መቺው መሐል ቤት ግራ ገብቶት ይቆማል።

ግንቡን የሚሠራልን ያለው የሚባል ዲዳ ነው። ባፈና የምትባል የተፈናቀለች ሴት ባል ነው፤ እሷ ትናገርለታለች፣ እሱ ይሠራል። የሰፈሩ ሰው «ያለው፣ ምንም ያላለው» እያለ ይቀልድበታል። የሕንፃ ኮሚቴው ሰብሳቢ ጋሽ ሞላ፣ እህል ነጋዴው፣ እንደዚህ ሰው የሚወደው የለም፤ «ኮሚቴው ሁሉ እንደሱ ዝም ቢል ጉልላቱ ይደርስ ነበር» ይላል።

አንቺስ የት ነው የምታስቀድሺው? ህንዶችም ኦርቶዶክስ ናቸው ይባላል፤ እውነት ነው? ጫማ ያወልቃሉ? ይጾማሉ? አገርሽስ መቼ ነው የምትመጪው? ሁሉንም ጻፊልኝ።

ወንድምሽ ቄስ መልአኩ


ሻርጃ፣ ታኅሣሥ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለቄስ መልአኩ፣

ይፍቱኝ አባ። ይኸው አንቱ ብዬሃለሁ፤ ከዚህ በኋላ ግን አንተ ነህ። አፍንጫውን የጠረግኩለትን ልጅ አንቱ ልበል ብል እጄ አይታዘዝልኝም።

ደብዳቤህን ሀጀራ አመጣችልኝ፤ አንብቤ ስጨርስ መልሼ ጀመርኩት። ህንዶቹ ጫማ ያወልቃሉ። ረቡዕና ዓርብን ይጾማሉ። ሴቶቹ እንደኛው ተሸፋፍነው ለብቻ ይቆማሉ። እዚህ ከከተማው ወጣ ብሎ ቤተ ክርስቲያኖቹ ሁሉ ጎን ለጎን የተሠሩበት ቦታ አለ። የግብፆቹ ሲወጣ የህንዶቹ ይገባል፣ የእኛ ደግሞ አዳራሽ በሰዓት እየተፈቀደለት ይቀደሳል። መጀመሪያ የሄድኩ ቀን ተሳስቼ ህንዶቹ ዘንድ ነው የገባሁት! አንዲት ቃል ሳልሰማ ቆሜ ቆሜ፣ ልወጣ ስል «ኪርያላይሶን» ሲሉ ሰማኋቸው። እንደኛው እኮ ነው! ጮክ ብዬ ተቀበልኩ። አጠገቤ የነበረችው ሴት ዞራ አየችኝና እጄን ያዘችኝ። እስክንወጣ አልለቀቀችኝም።

አሁን ተራው የእኔ ነው፤ ስለ ዲዳው ንገረኝ። ሲወለድ ጀምሮ ነው ወይስ በኋላ የመጣ? ይሰማል? ከኋላው ድንጋይ ሲወድቅ ይደነግጣል? ሰው ሲያወራ ዓይኑ ወዴት ይሄዳል? አትሳቅብኝ፤ የምጠይቀው በምክንያት ነው። እኔ ራሴ እዚህ ቤት የገባሁ ዓመት ዲዳ ነበርኩ። አረብኛው ሳይገባኝ ቀርቶ እንዳይመስልህ፤ ቶሎ ነው የገባኝ። አፌን በከፈትኩ ቁጥር ልጆቹ አነጋገሬን እየደገሙ ይስቁብኛል። ዘጋሁት። «ኸርሳ» ብለው ስም አወጡልኝ፤ ዲዳዋ ማለት ነው። ዲዳ መሆን ያሳርፋል መልአኩ። ማንም ምንም አይጠይቅህም።

ስለ መምጣቴ የጠየቅኸኝን ሌላ ጊዜ። ለእማማ ጉልበት ቅባት ልኬያለሁ፤ ጠዋትና ማታ ቀቢላት።

እህትህ ጸደንያ


መካነ ሰላም፣ ጥር 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

እታለም፣

ጥምቀትን በሰላም አከበርን፤ ክርስቲያኑ ታቦት ሲያወጣ እስላሙ መንገድ ጠርጎ ውሃ አርከፍክፎ ጠበቀን። ቅባቱም ደርሷል። «ቀቢላት» ያልሽው እኔን ወንዱን መሆኑን ለእማማ አነበብኩላት፤ ሆዷን ይዛ ሳቀች። አረብኛው አማርኛሽን እያስረሳሽ ነው።

«ይሰማል?» ያልሽው ቃል ግን ዕረፍት ነሳኝ። እስከዚያ ድረስ ልብ ብዬ አይቼው አላውቅም ነበር። ከዚያ ወዲህ ከቅዳሴ ወጥቼ ግንቡ ዘንድ እየሄድኩ ቆሜ አየዋለሁ። ከኋላው «ያለው!» ብለው ሲጠሩት አይዞርም። መዶሻው ከእጁ ሲወድቅ ግን ድምፁን ተከትሎ ነው የሚያነሳው። ልጆች አጠገቡ ሲጫወቱ ከንፈሩ ፈገግ ይላል፤ ፊቱ ወደ ግንቡ ነው፤ አያያቸውም።

ባለፈው ሳምንት ትንሿ ልጁ ትንሳኤ መወጣጫው ላይ ወጥታ እግሯ ተንሸራተተ። እኔ ከጓሮ በኩል ነበርኩ። አንድ ቃል ሰማሁ፣ የወንድ ድምፅ፣ ጎርናና። ዞሬ ስደርስ ልጅቱ እቅፉ ውስጥ ናት። ከሦስታችን በቀር ማንም አልነበረም። መስማቴን አወቀ። እታለም፣ ሰው እንደዚያ ሲፈራኝ አይቼ አላውቅም። እኔን እኮ ነው የፈራው! መስቀል የያዝኩትን!

ቃሉን አልጽፈውም። በማግስቱ ባፈና መጣችና «ንስሐ ልግባ አባ» አለችኝ። ያየሁትን ጻፍኩልሽ፤ የሰማሁትን አልጽፍልሽም፤ ለምን እንደሆነ አንቺ ታውቂያለሽ።

ሌላ ጣጣ ደግሞ ልንገርሽ። ከአምቦ የመጣው መምህር ለኮሚቴው አንድ ሐሳብ አቀረበ። ወንጌሉ በአማርኛ ከተነበበ በኋላ ለልጆቹ በኦሮምኛም ይነበብ አለ። ጋሽ ሞላ ጠረጴዛውን በጡጫ መታው። «በዚህ ግቢ ያ ቋንቋ አይሰማም!» አለ። ያን ሰውዬ ሲቆጣ አይቼው አላውቅም ነበር። ያልጠበቅሁት ነገር፣ ከተፈናቃዮቹ አንዳንዶቹም እሱን ደገፉ። ባፈና ግን ተነስታ «ጋሽ ሞላ፣ ቋንቋው አላሳደደኝም። ልጆቼን የወለድኩት በሱ ነው፤ ምጤን የጮህኩት በሱ ነው» አለችው። ከወላይታዎቹ አንዱ ደግሞ «የእኛስ ተራ መቼ ነው?» ብሎ ጠየቀ። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። «ላስብበት» አልኩ። እያሰብኩ ነው።

እስቲ አንቺ ንገሪኝ፤ ዝም ካልሽ በኋላ አፍሽን ምን ከፈተው? ማን ፊት ነው መጀመሪያ የተናገርሽው? ደግሞ ስለ ቅዳሴው ስለ ጫማውም ጻፍሽልኝ፤ ስለ ዘንድሮው ስብከት ግን አንድም ቃል የለም። ምነው?

መልአኩ


ሻርጃ፣ መጋቢት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

መልአኩዬ፣

ያልጻፍከውን አንብቤዋለሁ። እኔም ነገሩን በስሙ አልጠራውም።

አፌን ማን እንደከፈተው ልንገርህ። የዚህ ቤት ጌታ እናት ናቸው፤ እማ ሸይኻ እላቸዋለሁ። አንድ ቀን ቴምር ሳቀርብላቸው አንዱን አንስተው «በእናንተ አገር ይህን ምን ትሉታላችሁ?» አሉኝ። እዚህ አገር ከገባሁ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ሁሉም የራሱን ሊያስተምረኝ ነው የሚፈልገው። «ቴምር» አልኳቸው። ሳቁ፤ ለካ በነሱም ከዚያ አይርቅም። ከዚያ ውሃን ጠየቁኝ፤ «ውሃ» ስላቸው ሊሉት ሞክረው አቃታቸው። እኔም ሳቅሁ። በሳቅሁበት አፌን ሳልዘጋው ቀረሁ።

ስለዚህ ያንን ሰው «ተናገር፣ አትፍራ» አትበለው። አትፍራ ሲባል ሰው የበለጠ ይፈራል። ጠይቀው። እውነት ለማወቅ ፈልገህ ጠይቀው እንጂ ለማባበል አይሁን፤ ያስታውቃል።

እኔስ ካነበብኩ ጀምሮ ምን እንዳስታወስኩ ታውቃለህ? አያታችን እቴቴ ላሟን ስትጠራ «ኮቱ! ኮቱ!» ትል አልነበር? የላም ቋንቋ ይመስለን ነበር እኮ! እዚህ አንዲት የባሌ ልጅ ጎረቤቴ አለች፤ ለልጇ በስልክ እንደዚሁ ስትል ሰማኋት፤ ነይ ማለት ነው። እቴቴ ያንን ቃል ከየት አመጣችው? ወረኢሉስ፣ የወረዳችን ስም ቦረናስ በማን ቋንቋ ነው? ጋሽ ሞላን ይህን ብትጠይቀው ምን ይላል? በጥፊ እንዳይልህ ብቻ።

ስብከቱን የማልጽፍልህ ስለማልሰማው ነው። እማ ሸይኻ ከወደቁ ወዲህ አልጋ ላይ ናቸው፤ ከእኔ በቀር ማንም እንዲያነሳቸው አይፈቅዱም። እሁድ መውጣት ቀርቷል፤ አገሬ መምጣትም እንዲሁ። እንዳታዝን ብዬ ነበር ሳልጽፍልህ የቀረሁት። ለእማማ አታንብብላት።

ጸደንያ


መካነ ሰላም፣ ሰኔ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

እታለም ጸደንያ፣

ይህ ደብዳቤ ይረዝማል። አብሽሪ፣ ሰው አልሞተም። ስላንቺ እሁዶች ያልሽኝን ለማንም አላነበብኩም፤ በየቅዳሴው ግን ስምሽን አነሳለሁ።

የእቴቴን ቃል እንዴት አወቅሽው? ልጅቱ ስትወድቅ የሰማሁት እሱን ነበር፤ «ኮቱ!» ነው ያለው። አሁን መጻፍ እችላለሁ፤ ባለቤቱ ራሱ አውጥቶታልና። እንደነገርሽኝ አደረግኩ። አንድ ቀን ለብቻው ሲሠራ አጠገቡ ተቀመጥኩና ድንጋይ አንስቼ «ይህን ምን ትሉታላችሁ?» አልኩት። ሥራውን ቀጠለ። እኔም ተቀመጥኩ። ልነሳ ስል ቀስ ብሎ «ዳጋ» አለኝ። እኔ ስደግመው እንዴት አድርጌ እንዳበላሸሁት እንጃ፣ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። ከዚያ በየቀኑ አንድ ሁለት ቃል ይሰጠኛል። ስሙ ያለው አይደለም፤ ገለታ ነው፤ ምስጋና ማለት ነው። ተወልዶ ያደገው ወለጋ፣ የኦሮሞ ልጅ፣ ባፈናን በቁርባን ያገባት። ቤታቸው ሲቃጠል ዘመዶቹ «አንተ ቅር» አሉት፤ ሚስቱን ተከትሎ መጣ። አማርኛ አይችልም። በእሱ ቋንቋ ቢናገር ከተፈናቃዩ አንዱ እንዳይነሳበት ባፈና በመንገድ ላይ ዲዳ አደረገችው። ስሙንም እሷ ናት ያወጣችለት።

ከፋሲካ በኋላ ኮሚቴው ተሰበሰበ። ያው ጉዳይ ተነሳ፤ ጋሽ ሞላም ያንኑ ደገመ። ያኔ ገለታ በሩ ላይ ቆሞ አየሁት፤ እጁ ሲሚንቶ ነው። ባርኔጣውን አወለቀና በቋንቋው መጸለይ ጀመረ። «ያ አባ ኬኛ» ሲል አቡነ ዘበሰማያት መሆኑን ማንም አልሳተውም። ሰው አንድ በአንድ ተነስቶ ቆመ። ባፈና ግን ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና መሬት ላይ ተቀመጠች። ሲጨርስ «አሜን» አልን። ጋሽ ሞላ ብቻ አሜን ሳይል ወጣ።

ከዚያማ ወሬው እንዴት እንደነደደ! «ሰላይ ነው» ያሉም አልታጡ። ሥራው ቆመ። ባፈና ዕቃዋን ጠቅልላ አህመዲንን በአይሱዙው ወደ ደሴ እንዲወስዳቸው ለመነችው። አህመዲን የመኪናውን ቁልፍ ኪሱ ከተተና «ወላሂ አልጭናችሁም! የመስጊዳችንን አጥር ሳይሠራልኝ የት ይሄዳል?» አላት። ጭቅጭቁን ሰምቼ ስደርስ ትንሳኤ ጥቅሉ ላይ ተቀምጣ ታለቅሳለች።

ሌላ ምን አደርጋለሁ፣ ወደ ጋሽ ሞላ ቤት ሄድኩ። ያቺን የቦረናን ጥያቄሽን አዘጋጅቼ ነበር፤ አልጠየቅሁትም። ሰውዬው ሳይላጭ፣ መጋዘኑን ሳይከፍት ተቀምጧል። «አባ፣» አለኝ፣ «ወንድሜ ወለጋ ነበር። ሞቱን ሰማሁ፤ ሬሳውን አላየሁም። ያን ሰሞን አንድ ሰው ስልክ እየደወለ በዚያ ቋንቋ ያወራኝ ነበር። ሊያስፈራራኝ መስሎኝ ሰድቤው ዘጋሁት። ደጋግሞ ደወለ፤ ሁልጊዜ ያንኑ ነው የሚለው። ቃሉ ጆሮዬ ውስጥ ቀርቷል፤ ትርጉሙን ማንን ልጠይቅ? መምህሩን አፈርኩት። ያ ሰውዬ አፉን ሲከፍት ያ ድምፅ መጣብኝ።»

«ገለታን ይዤው ልምጣ?» አልኩት።

«ስድብ ቢሆንስ?» አለኝ።

«ስድብ ከሆነ አብረን እንሰማዋለን» አልኩት።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ እንሄዳለን። አህመዲን ግን ነገ ለደሴ ስለሚነሳ ደብዳቤውን እዚህ ላይ ላቁመው። ጸልዪልን።

መልአኩ


ሻርጃ፣ ሐምሌ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

አንተ ልጅ፣

ደብዳቤ እንዲህ ይቆማል? አንድ ቀን አህመዲንን ብታስቀረው ምን ነበረበት? አነበብኩት፣ እንቅልፌ ጠፋ። እማ ሸይኻ «ምን ሆነሻል?» ሲሉኝ ከመጀመሪያው ጀምሬ ተረኩላቸው። አረብኛዬ ያልደረሰበትን በእጄ አሳየኋቸው። ስጨርስ አለቀሱ፤ አሁን ጠዋት ሳነሳቸው ሰላም ከማለታቸው በፊት «ሞላ ምን አለ?» ነው የሚሉኝ። «ደብዳቤው አልመጣም» እላቸዋለሁ። ትናንት ልጃቸውን ጠርተው «ይህቺ ልጅ እሁድ ቤተ ክርስቲያኗ ትሂድና ለዚያ ሰውዬ ዱአ ታድርግለት፤ አንተ አንሳኝ» አሉት። እሱ ሊያነሳቸው ሲሞክር እንዴት እንደጮኹበት ብታይ! ግን ፈቀዱለት። ሄድኩ መልአኩ። ከህንዷ ጎን ቆምኩ።

በል፣ ሞላ ምን አለ? ቶሎ!

ጸደንያ


መካነ ሰላም፣ ነሐሴ 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

እታለም፣

ቤተ ክርስቲያን መሄድሽን ብቻ ለእማማ ነገርኳት፤ እልል አለች። ለእማ ሸይኻም ሰላምታዬን ንገሪልኝ፤ ስላስቆየኋቸው ይቅር ይበሉኝ።

በኋላ የሆነውን አስቀድሜ ልንገርሽ። ግንቡ መስኮቱ ላይ ደርሷል። ፍልሰታ ሲገባ ጀምሮ ወንጌሉ በአማርኛ ከተነበበ በኋላ የአምቦው መምህር በኦሮምኛ ያነበዋል። የከተማውን ደብር አለቃ ብጠይቃቸው «ወንጌል ሰው በሚሰማው ቋንቋ ቢነበብ ማን ይከለክላል?» አሉኝ። ወላይታዎቹ ከስብከት በኋላ በራሳቸው ይዘምራሉ፤ ከበሮ መቺው ስልቱን እየለመደው ነው። ሁሉም ደስ አላለውም። ከፊት ይቆሙ የነበሩ ሁለት ቤተሰቦች ወደ ከተማው ደብር ሄደዋል፤ በበዓል ቤታቸው እየሄድኩ እጠይቃቸዋለሁ። ገለታ በስሙ ይጠራል፤ ሲጠሩት ይዞራል።

ጋሽ ሞላ ቤት ሦስታችን ነበር የሄድነው፤ ባፈና ልታስተረጉም መጣች። ጋሽ ሞላ ገለታን ቀና ብሎ አላየውም። ዓይኑን ጨፍኖ፣ ዳዊት እንደሚደግም ሰው፣ በስልክ የሰማውን ቃል አወጣው። የተሰባበረ ነው፤ ግማሹ ጠፍቷል። ገለታ ጎንበስ ብሎ ሰማና ለባፈና አንድ ነገር አላት። «እንደገና ይበሉት ይላል» አለች። ደገመው። ገለታ የጎደለውን እየሞላ አብሮት አለው። ጋሽ ሞላ ዓይኑን ገልጦ «እሱ ነው! ልክ እንደሱ ነው ያለው!» አለ።

ባፈና ተረጎመች። «ወንድምህን እኛ ቀብረነዋል። ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ነው ያረፈው። መጥተህ እስክታየው ድረስ እንጠብቅልሃለን።»

ሰውዬው አላለቀሰም። «ሰደብኩት እኮ» አለ። «የቀበረልኝን ሰውዬ ሰደብኩት።» ይህንኑ ብቻ እየደጋገመ ተቀመጠ። ገለታ ከወንበሩ ተነሳና ከአጠገቡ መሬት ላይ ቁጭ አለ፤ ጉልበቱን ያዘው።

ቁጥሩ ስልኩ ላይ ነበር፤ «አታንሳ» ብሎ መዝግቦት ነበር። በማግስቱ ጠዋት ጉብታው ላይ ወጣን። እንደ ልማዱ ኔትወርኩ አንዴ ይመጣል አንዴ ይሄዳል። ጋሽ ሞላ ዳገቱን እያለከለከ ሲወጣ ገለታን «ምን ልበለው? በእናንተ ምን ይባላል?» እያለ ይጠይቀዋል። ባፈና ታስተረጉማለች፣ ገለታ ይነግረዋል፣ እሱ ይደግማል፣ ይሳሳታል፣ እንደገና ይደግማል። እኔ ከኋላቸው ነበርኩ።

መጀመሪያ የተደወለው አልተነሳም። ሁለተኛው ተቆረጠ። ጋሽ ሞላ ተስፋ ቆርጦ ስልኩን ኪሱ ሊከት ሲል ራሱ ጠራ። ሰውዬው ነው የደወለው። ጋሽ ሞላ ጆሮው ላይ አደረገው። ከዚያ ማዶ «ሃሎ? ሃሎ?» የሚል ድምፅ እኔም ሰማሁ። በዳገቱ ላይ ያጠናው ነገር ሁሉ ጠፋበት። ገለታን አየው፣ እኔን አየኝ፣ ከንፈሩ ተላቀቀ።

«ኦቦሌሳ ኮ» አለ።

ወንድሜ ማለት ነው።

መልአኩ